የዒላማ ሽጉጥና የኪስ አቅም

በአፍሪካ ቀንድ ሕዝቦች ታሪክ ውስጥ መሣሪያና ክብር ተለያይተው አያውቁም። በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች «አልሞ ተኳሽ» መባል የሰውን ስም ከፍ የሚያደርግ ማዕረግ ነበር፤ ውጅግራውም ምንሽሩም በፉከራና በቀረርቶ ሲወደሱ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ከዚህ ዝና በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የጥይት ዋጋ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መባቻ ላይ በኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በመገበያያነት አገልግሏል። ጥይት ገንዘብ በሆነበት አገር ደግሞ ወረቀት ላይ ክብ ሥሎ መለማመድ ገንዘብን ከመበተን ተለይቶ አይታይም።

በዓለም ላይ የዒላማ ተኩስ ስፖርት ያለፈበት መንገድም ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተቆራኘ ነው። ስለ ታላላቅ ተኳሾች ሲነገር የዓይናቸው ጥራትና የእጃቸው ጽናት ይወሳል። ዓይንና እጅ ግን በልምምድ የሚገሩ ናቸው፤ ልምምድም መሣሪያና ጥይት ይጠይቃል፤ መሣሪያና ጥይትም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ስለዚህ «ለውድድር የሚበቃ፣ ዋጋውም የሚቻል ሽጉጥ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ የገዢ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የታሪክም ጥያቄ ነው። መልሱ በየዘመኑ በተለወጠ ቁጥር በተኩስ ሜዳው ላይ የሚቆመው ሰው ማንነትም አብሮ ተለውጧል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በተለይ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ርካሹ ጥይት

የዒላማ ሽጉጥ ታሪክ የሚጀምረው ከሽጉጡ ሳይሆን ከጥይቱ ነው። በ1845 ገደማ ሉዊ ፍሎቤር የተባለ ፈረንሳዊ መሣሪያ ሠሪ በፓሪስ አንድ ትንሽ ጥይት አዘጋጀ። በዚያ ዘመን ጠመንጃ ለማቀጣጠል ትጠቅም የነበረችውን የመዳብ ቆብ ጥቂት አሰፋና በአፏ ላይ የእርሳስ ድቡልቡል ተከለባት። ባሩድ አልነበራትም፤ ድቡልቡሏን የሚያስፈነጥረው የቆቧ ፍንዳታ ብቻ ነበር። ድምፅዋ ዝቅተኛ፣ ጭሷም ጥቂት ስለነበር ባለጸጎች በሰፋፊ አዳራሾቻቸው ውስጥ ሳይቀር ይተኩሱባት ጀመር።

በ1857 ስሚዝና ዌሰን የተባሉት አሜሪካውያን ይህንኑ ሐሳብ በመከተል ጥቂት ባሩድ የተጨመረባትን የ22 ካሊበር ጥይት ከትንሽ ሽጉጥ ጋር ለገበያ አቀረቡ። በ1887 ደግሞ ስቲቨንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ርዝመቷንና ኃይሏን አሻሽሎ እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ዙሪያ የምትሠራበትን ጥይት አወጣ። እርሳስዋ ትንሽ፣ ባሩዷም ጥቂት በመሆኑ ዋጋዋ ከጦር ጥይት ጋር የሚወዳደር አልነበረም። እርግጫዋም ቀላል ስለሆነ ተኳሹ ሳይደክምና ሳይደነግጥ ብዙ ሊተኩስ ይችላል። የዒላማ ሽጉጥ እንደ ራሱ የቻለ የመሣሪያ ዓይነት ሊበቅል የቻለው በዚህች ጥይት ላይ ነው።

ያም ሆኖ ስፖርቱ ወደ ተራው ሰው ለመድረስ ገና ረጅም መንገድ ይቀረው ነበር። የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ በአቴና የተከፈተው በሚያዝያ ወር 1896 ሲሆን፣ ይህም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተደረገው የአድዋ ጦርነት ከአምስት ሳምንት በኋላ መሆኑ ነው። በአቴናው የሽጉጥ ውድድር ጆንና ሰምነር ፔይን የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ቀረቡ። ጆን ከቦስተን ተነሥቶ በፓሪስ ይኖር የነበረውን ወንድሙን ይዞ ነበር የመጣው። ስለ ውድድሩ ደንብ ብዙም ስለማያውቁ ልዩ ልዩ ሽጉጦችንና 3,500 ያህል ጥይቶችን ጭነው ሄዱ፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የተኮሱት 96 ብቻ ነበር። የጦር ሽጉጡን ውድድር ጆን፣ የነጻ ሽጉጡን ውድድር ሰምነር አሸነፉ። ችሎታቸው የሚካድ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ውቅያኖስ አቋርጦ ከነጥይቱ ለጨዋታ የሚመጣ ሰው ከየትኛው የኑሮ ደረጃ እንደሆነ ግልጽ ነው።

የመኮንኖች ስፖርት

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት በብዙ የአውሮፓ አገሮች የሽጉጥ ተኩስ የጦር መኮንኖችና የባለጸጎች ስፖርት ሆኖ ቆየ። መኮንኑ ሽጉጥም ጥይትም ጊዜም ከመንግሥት ያገኛል፤ ተራው ወታደርና ሠራተኛው ግን አንዱንም አያገኙም።

ይህ አጥር ምን ያህል ጠንካራ እንደነበር ከሃንጋሪያዊው ካሮይ ታካች ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ አይገኝም። ታካች በ1936 በአገሩ ካሉት ብርቱ ተኳሾች አንዱ ነበር። ሆኖም ማዕረጉ ሳጅን ስለነበረና ለቡድኑ የሚመረጡት መኮንኖች ብቻ ስለነበሩ ወደ በርሊን ኦሊምፒክ እንዳይሄድ ተከለከለ። ክልከላው በኋላ ቢነሣም በ1938 በጦር ልምምድ ላይ የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁ ውስጥ ፈንድቶ የሚተኩስበትን እጅ አጣ። ታካች ሐዘኑን በሆዱ ይዞ ለማንም ሳይናገር በግራ እጁ መለማመድ ጀመረ። በ1939 በሃንጋሪ ሻምፒዮና ላይ ሲታይ ባልደረቦቹ ሊያጽናናቸው የመጣ መስሏቸው ነበር፤ እርሱ ግን ተወዳድሮ አሸነፈ። በጦርነቱ ምክንያት የ1940ው እና የ1944ቱ ኦሊምፒኮች ሳይካሄዱ ቀሩ። በ1948 በለንደን፣ በ38 ዓመቱ፣ በፈጣን ተኩስ ሽጉጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ አገኘ፤ በ1952 በሄልሲንኪም ደገመው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ስለ ጽናት ነው፤ በእርግጥም ጽናት ነው። ነገር ግን ሌላም ቁም ነገር አለው። ለታካች ከቦምቡ በፊት የመጣው እንቅፋት የማዕረግ አጥር ነበር። ቦምቡን በልምምድ አሸነፈው፤ አጥሩን ግን በልምምድ ብቻ ሊያሸንፈው አይችልም ነበር።

በሁለት ጎራ የተወለዱ ሁለት ሽጉጦች

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዓለም በሁለት ጎራ ስትከፈል በሁለቱም ጎራዎች፣ በአንድ ጊዜ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ፣ ዋጋቸው የሚቻል ሁለት የዒላማ ሽጉጦች ተወለዱ።

የመጀመሪያው የሶቪየቱ ማርጎሊን ነው። ሠሪው ሚካኢል ማርጎሊን በ1924፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በካውካሰስ ተራሮች በተደረገ ውጊያ ጭንቅላቱን ቆስሎ ሁለት ዓይኖቹን አጣ። ከዚያ በኋላ የመሣሪያን ክፍሎች በጣቶቹ እየዳሰሰ ማጥናት ያዘ። ንድፍ በወረቀት ሊሥል ስለማይችል የሚያስበውን ሁሉ በጭቃ፣ በእንጨትና በብረት እየቀረጸ ለረዳቶቹ ያስረዳ ነበር። የዓለም ተኳሾች አነጣጥረው የተኮሱበትን ሽጉጥ የፈለሰፈው፣ ራሱ ዒላማ ለማየት የማይችል ሰው ነበር። ይህ ሽጉጥ በ1940ዎቹ ማብቂያ ተሠርቶ በኢዥየቭስክ ከተማ በብዛት ተመረተ።

ሁለተኛው የአሜሪካው ሩገር ነው። ዊልያም ሩገር ቀደም ሲል የእጅ መሰርሰሪያዎችን የሚያመርት ድርጅት አቋቁሞ ከስሮ ነበር። በ1949 አሌክሳንደር ስተርም ከተባለ ወዳጁ ባገኘው 50,000 ዶላር በኮነቲከት ግዛት አዲስ ኩባንያ መሠረተና አንድ የ22 ካሊበር ሽጉጥ ይዞ ብቅ አለ። ዋጋው 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ ይህም ስመ ጥሩዎቹ ኩባንያዎች ከሚጠይቁት በእጅጉ ያነሰ ነው። ምስጢሩ በአሠራሩ ላይ ነበር። ሌሎቹ ከወፍራም ብረት እየፈለፈሉ የሚያወጡትን አካል ሩገር ከሁለት የብረት ገበታዎች በማተሚያ ቀርጾ በብየዳ አጋጠማቸው። በ1951 የኋላ ማነጣጠሪያው የሚስተካከል የዒላማ ዓይነቱ ተከተለ።

የሚገርመው ሁለቱ ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድን ችግር በተቀራራቢ መንገድ መፍታታቸው ነው። በተራ የጦር ሽጉጥ ላይ በእያንዳንዱ ተኩስ ወደኋላና ወደፊት የሚመላለስ ክዳን አለ፤ ማነጣጠሪያውም ከክዳኑ ጋር ይመላለሳል። ክዳኑ በጊዜ ብዛት ሲላላ ማነጣጠሪያው ወደ ቀድሞ ቦታው በትክክል አይመለስም። ማርጎሊን የኋላውን ማነጣጠሪያ ከሽጉጡ አካል ጋር በተያያዘ ድልድይ ላይ አስቀምጦ ክዳኑ ከሥሩ እንዲመላለስ አደረገ። ሩገር ደግሞ ተመላላሹን ብረት በቱቦ ውስጥ አስገብቶ ሁለቱንም ማነጣጠሪያዎች በማይነቃነቅ አካል ላይ ተከላቸው። ውጤቱ ያው ነው፤ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎች ዝምድናቸውን ሳያጡ ይኖራሉ። ትክክለኛነትን ያመጣው የብረቱ ውድነት ሳይሆን የአስተሳሰቡ ቀናነት ነበር።

ሁለቱ ሽጉጦች ወደ ተኳሹ እጅ የደረሱበት መንገድ ግን የየሥርዓታቸውን መልክ የያዘ ነበር። በአሜሪካ ሠራተኛው ከደመወዙ ቆጥቦ ሽጉጡን የግል ንብረቱ አደረገው። በሶቪየት ኅብረት ሽጉጡ የክበብ ንብረት ነበር። በ1951 የተቋቋመው ዶሳፍ የተባለው ማኅበር በየከተማው የተኩስ ክበቦች ነበሩት፤ ወጣቱ ሽጉጥ ሳይገዛ በክበቡ ሽጉጥና በክበቡ ጥይት ይለማመዳል። አንዱ ዋጋውን በፋብሪካ ጥበብ ቀነሰ፤ ሌላው ዋጋውን ከግለሰቡ ትከሻ ላይ አነሣ። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የመኮንኖቹ አጥር መፍረስ ጀመረ።

ደንብ እንደ እኩልነት ዘብ

ርካሽ ሽጉጥ መገኘቱ ብቻውን በቂ አልነበረም፤ ባለጸጋው ወገን ሁልጊዜ የተሻለ ነገር ይፈልጋልና። በ1956 በሜልበርን ኦሊምፒክ የሶቪየት ተኳሾች አፈሙዙ ከተለመደው ቦታ ዝቅ ብሎ የተተከለ፣ የተገለበጠ የሚመስል ልዩ ሽጉጥ ይዘው ቀረቡ። አፈሙዙ ከእጅ ጋር ትክክል ሲሆን እርግጫው ሽጉጡን ወደ ላይ አያነሣውም፤ ስለዚህ በፈጣን ተኩስ ተኳሹ ከዒላማ ወደ ዒላማ ሳይናጋ ይሸጋገራል። ኤቭጌኒ ቼርካሶቭ የብር ሜዳሊያ ሲያገኝ ወርቁን የሮማንያው ሽቴፋን ፔትሬስኩ ወሰደው። ያ ዓይነቱ ሽጉጥ ግን ብዙም ሳይቆይ በደንብ ተከለከለ።

ከዚያ ወዲህ የዓለም አቀፉ ተኩስ ፌዴሬሽን ደንቦች እየጠበቡ መጥተዋል። የአየር ሽጉጥ ክብደት ከ1,500 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ምላጩ ከ500 ግራም ባነሰ ኃይል መሳብ የለበትም፤ ሽጉጡም 42 ሴንቲ ሜትር በ20 በ5 ከሆነ ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት። ለላይኛው ተመልካች እነዚህ ቁጥሮች የጸሐፊ ቢሮ ጣጣ ሊመስሉ ይችላሉ። በተግባር ግን ገንዘብ ሊገዛው የሚችለውን ብልጫ የሚወስኑ ድንበሮች ናቸው። ደንቡ ጣሪያ ሲያበጅ ድሃው ሊደርስበት የሚችል ከፍታ ይኖራል።

ባሩድ የሌለው ሽጉጥ

ሦስተኛው ታላቅ ለውጥ የአየር ሽጉጥ ነው። የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1988 በሴኡል ሲሆን፣ በወንዶች ቡልጋሪያዊው ታንዩ ኪርያኮቭ፣ በሴቶች ዩጎዝላቪያዊቷ ያስና ሼካሪች አሸነፉ። ይህ ሽጉጥ ባሩድ የለውም፤ የምትወረወረውም 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የእርሳስ ፍሬ ናት። የተኩስ ሜዳ አጥር፣ የአፈር ክምርና ሰፊ መሬት አያስፈልገውም፤ ጥንቃቄ ከተጠበቀ አንድ ረጅም ክፍል ይበቃዋል።

የዚህን ጥቅም ለመረዳት ጥቂት ስሌት ማድረግ ይቻላል። የአንድ ውድድር ሙሉ ተኩስ 60 ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ይህንኑ ያህል የሚለማመድ ሰው በ50 ሳምንታት 9,000 ጊዜ ይተኩሳል። በባሩድ ጥይት ከሆነ ወጪው ውሎ አድሮ የሽጉጡን ዋጋ ያስከነዳል፤ በእርሳስ ፍሬ ከሆነ ግን 500 የሚይዙ 18 ቆርቆሮዎች ናቸው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ በዚህ ስፖርት የሚያሸንፈው ቀስ በቀስ ብዙ የተኮሰ ነው። ብዙ ለመተኮስ ደግሞ እያንዳንዱ ተኩስ ርካሽ መሆን አለበት።

እዚህም ላይ የኢዥየቭስክ ከተማ ስም ተመልሶ ይመጣል። በሶቪየት ዘመን ማብቂያ ገደማ የወጣው ኢዥ 46 እና ተከታዩ ኢዥ 46ኤም በባይካል ስም ወደ ዓለም ገበያ ተልከው የጀማሪ ተወዳዳሪዎች ወዳጅ ሆኑ። ተኳሹ በሽጉጡ ሥር ያለውን ረጅም ማንሻ ከፍቶ አንድ ጊዜ ሲዘጋው አየሩ ታምቆ ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ ተኩስም ይህንኑ ይደግማል። የጋዝ ዕቃም ሆነ መሙያ ፓምፕ አያስፈልገውም። በዚያ ዘመን ብዙ ሽጉጦች ይሠሩበት የነበረው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ግፊቱ ከሙቀትና ከብርድ ጋር ይለዋወጣል፤ ይህኛው ግን የራሱን አየር በየጊዜው ስለሚያምቅ ከአንዱ ተኩስ ወደ ሌላው ኃይሉ ያው ነው። መልኩ ሸካራ፣ የእንጨት እጀታውም ሞረድ የሚሻ ነበር፤ ማንሻውም ክንድ ያደክማል። ዋጋው ግን ከኦስትሪያ፣ ከጀርመን፣ ከስዊዘርላንድና ከጣልያን ሽጉጦች ዋጋ ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነበር። በ2014 አሜሪካ በካላሽኒኮቭ ኩባንያ ላይ ማዕቀብ ስትጥል የኢዥየቭስኩ ፋብሪካ በዚሁ ኩባንያ ሥር ስለነበር ሽጉጡ ከአሜሪካ ገበያ ራቀ። በዚህም ምክንያት የፖለቲካው ጠብ ዋጋ በከፊል በጀማሪ ስፖርተኞች ትከሻ ላይ ወደቀ።

መራጩ ምን ይመልከት?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለመራጭ የሚተርፈው ትምህርት ምንድን ነው? አንደኛው የማነጣጠሪያ ነገር ነው። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቹ 30 ሴንቲ ሜትር የተራራቁበትን ሽጉጥ እናስብ። ተኳሹ ሁለቱን ሲያስተካክል በ1 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት በ10 ሜትር ርቀት ላይ የእርሳሷ ፍሬ 33 ሚሊ ሜትር ያህል ትስታለች። የዐሥር ነጥብ ክብ ስፋቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ይህ ስሕተት ተኳሹን ከ10 ወደ 6 ያወርደዋል። በአንጻሩ ጥሩ ሽጉጥ በማይነቃነቅ መያዣ ታስሮ ቢተኮስ ርካሹም ውዱም እርሳሶቻቸውን በዚያች በዐሥር ክብ ውስጥ ይሰበስባሉ። ስለዚህ ጥራት የሚፈለገው በአፈሙዙ ብቻ ሳይሆን ሰውና መሣሪያ በሚገናኙባቸው ቦታዎች ነው፤ እነርሱም በትክክል የሚታይና የሚስተካከል ማነጣጠሪያ፣ ሳይጎተት በእኩል ኃይል የሚለቅ ምላጭና ከመዳፍ ጋር የሚስማማ እጀታ ናቸው። እጀታው ባይስማማ እንኳ በሞረድና በእንጨት ሙጫ ሊስተካከል ይችላል፤ መጥፎ ምላጭ ግን በቀላሉ አይታረምም።

ሁለተኛው ትምህርት ዋጋ ማለት የሽጉጡ ዋጋ ብቻ አለመሆኑ ነው። ጥይቱ፣ መለዋወጫው፣ የተኩስ ቦታውና ፈቃዱ ሁሉ ከዋጋው ጋር ይደመራሉ። ብሪታንያ በ1996 በደንብሌን ትምህርት ቤት ከተፈጸመው እልቂት በኋላ በ1997 የሽጉጥ ባለቤትነትን በሕግ ስትከለክል የ22 ካሊበር የዒላማ ሽጉጥም አብሮ ታገደ። ብርቱ ተኳሾቿ ለዓመታት ወደ ሌሎች አገሮች እየሄዱ ሲለማመዱ የአየር ሽጉጡ ግን በአገሩ ቀረ። የሕግን ደጅ ለማለፍ የሚቸገር ሽጉጥ በሱቅ ዋጋው ቢረክስም ለተኳሹ ውድ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት የሰው ነው። በ1984 በሎስ አንጀለስ የዚያን ኦሊምፒክ የመጀመሪያ ወርቅ፣ ለቻይናም የመጀመሪያዋ የሆነውን የኦሊምፒክ ወርቅ፣ በ50 ሜትር ሽጉጥ ያገኘው ሹ ሃይፈንግ ቀደም ሲል በአንሁዊ ክፍለ ሀገር በኅብረት ሥራ ሱቅ የማዳበሪያ ሻጭ ነበር። ከማዳበሪያ መደብር ወደ ኦሊምፒክ መድረክ ያሸጋገረው በግሉ የገዛው ሽጉጥ ሳይሆን ችሎታውን ያየና ሽጉጥና ጥይት ያቀረበለት የክፍለ ሀገሩ ቡድን ነው።

በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች ተራ መነጽር አድርጎ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በድብልቅ ቡድን የብር ሜዳሊያ ሲያገኝ ምስሉ ዓለምን ዞረ። ብዙ ሰው «ያለ ምንም መሣሪያ አሸነፈ» ብሎ ተደነቀ። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። እጅን ኪስ መክተት የብዙ ሽጉጥ ተኳሾች ልማድ ነው፤ በእጁ የነበረውም ለውድድር የተሠራ የአየር ሽጉጥ እንጂ ተራ መሣሪያ አልነበረም። ዲኬች የተወው ልዩ መነጽሩንና የዓይን መከለያውን ነበር። እርሱ ሊተወው የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ የመራጭ ጥበብም ይኸው ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ አትሌቲክስ የድሃ ልጅ ስፖርት ሆኖ የኖረው ለመጀመር መንገድና እግር ስለሚበቃው ነው። ተኩስ እንደዚያ ሊሆን አይችልም፤ ያለ መሣሪያ አይጀመርም፣ መሣሪያም ያለ ሕግና ያለ ኃላፊነት አይያዝም። ይሁን እንጂ ከፍሎቤር ቆብ እስከ ማርጎሊን ጭቃ፣ ከሩገር ብየዳ እስከ ኢዥየቭስክ ማንሻ ያለው ታሪክ የሚመሰክረው አንድ ነገር አለ። ጥቂት ሰዎች በዋጋ ላይ በተጨነቁ ቁጥር ብዙ ሰዎች በተኩስ መስመሩ ላይ ቆመዋል። ጥይት ገንዘብ በነበረበት ዘመን እያንዳንዷ ተኩስ ትቆጠብ ነበር፤ አንዲት ትንሽ የእርሳስ ፍሬ በምትበቃበት ዘመን ግን እስክትለምድ ድረስ መሳት የሁሉም ሰው መብት ሆኗል። አልሞ ተኳሽም የሚወለደው ብዙ ጊዜ ለመሳት አቅም ባገኘ ሰው ውስጥ ነው።